ድምፁን ያውጡልኝ

ጉሮሮ የሚለውን ስም ያወጡለት የጋራዥ ሰዎች ናቸው። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ግን በዚያ ስም ከእሷ በቀር የሚጠራው ሰው ስላልነበረ እሷ ስትሞት ስሙም አብሮ ተቀበረ። ጉሮሮ የተባለበት አንዱ ምክንያት አንገቱ ነው። የበሬ አንገት ነው ያለው፤ የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ በዕድሜው ተዘግቶለት አያውቅም። ሌላው ምክንያት ከዚያ ሁሉ አንገት ውስጥ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ውኃ ሲፈላ ማንቆርቆሪያ የሚያፏጨው ዓይነት። ስልክ ሲደውል ከወዲያ ያለው ሰው «እሺ እሜቴ» ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያርም ነበር፣ ኋላ ተወው። «እሜቴ ሲሉኝ ዕቃውን ቶሎ ይልኩልኛል» ይል ነበር።

ጋራዡ ጎማ በሚለጥፍ ሰውና የሬሳ ሣጥን በሚሠራ አናጢ መካከል ነበረ። ፍጥነት የሚወድ ደንበኛ የሚያስፈልገውን ሁሉ ከአንድ ግቢ ያገኛል ማለት ነው። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንቋቋ፣ አናጢው እንጨት ሲልግ፣ ጎማ ለጣፊው ሲሳደብ፣ ጉሮሮ የመኪና ኮፈን ከፍቶ አንገቱን ቀብሮ ይውላል። ብልሽት ሁሉ ይሠራ ነበር፤ የታወቀበት ሙያው ግን አንድ ነው። ድምፅ የሌለውን መኪና ድምፅ ይሰጠዋል።

ብዙ ሰው ድምፅ የሚወጣው ከኋላ ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ብቻ ይመስለዋል። ጉሮሮ በዚህ ይናደዳል። «ከኋላ የሚወጣውንማ ማንም ያወጣዋል፣ እኔም አወጣለሁ! ዘፈን በአፍ ነው!» ይላል በዚያች በቀጭን ድምፁ። መኪና እንደ ሰው ከፊት አየር ይስባል፤ አየሩ ማጣሪያው ባለበት ሣጥን አልፎ በወፍራም ቱቦ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ሞተሩ አጥብቆ ሲስብ ያጓራል። ፋብሪካው ደግሞ ያን ማጓራት ፈርቶ ከቱቦው ጎን አንዲት ባዶ የፕላስቲክ ሣጥን ይለጥፋል። ሣጥኗ አየር አታጣራ፣ አታቀዘቅዝ፤ ጎን ቁጭ ብላ ድምፅ ትውጣለች፣ በቃ። ጉሮሮ ይህችን ሣጥን «አማት» ብሎ ሰየማት። ቤት ሙሉ ሰው ሲጫወት ጥግ ተቀምጣ ዝም የምታሰኝ ሌላ ምን ትባላለች? የሚስቱ እናት በሕይወት ሳሉ ይህን ሰምተው ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው አኩርፈውታል። ስሙ ግን ተለምዶ ቀረ። ደንበኞቹ ራሳቸው ገና ከበር «አማቷን አውልቅልኝ!» እያሉ ይገቡ ነበር።

አማቷን ካወለቀ በኋላ የቱቦውን አፍ በሴጌቶ ይቆርጣል፣ በሞረድ ያለሰልሳል፣ ከዚያ በሙቅ አየር እያቀለጠ በሣህን ቂጥ ላይ እንደ ጥሩምባ ያሰፋዋል። ሣህኑ የሚስቱ ነው። ሚስቱ ቁምሳጥኗን ከፍታ «አሁን ደግሞ የትኛው መኪና ነው የሚበላልኝ?» ትላለች። ከዚያ ሞተሩን ያስነሣና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ካልጣመው እንደገና ይፈታል። ሣቂም አልነበረም፤ ድምፅ ሲያገኝ ግን ጥርሱ ሁሉ ይወጣ ነበር።

ልጁ አንድ ናት፣ ፎቶ ቤት ትሠራለች። ያን ሰሞን መድኃኒት ቤት የሚሠራ አንድ ጭምት ልጅ ወዳ ሊጋቡ አስበዋል። ከዚህ በፊት ሌላ ሰው መጥቶላት ነበር። ያ ሰው ቤታቸው ሲገባ ጉሮሮ ብድግ ብሎ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» ቢለው ሣቁ አመለጠው፤ አፉን በመዳፉ ቢይዝም ትከሻው ሣቀ። ልጅቷ ሻዩን ሳይጨርስ በሩን አሳየችው። «ይሂድ አባዬ፣ እንኳን ሄደ» አለች። ጉሮሮ ግን ልጁን የቤቷ እመቤት እንዳትሆን ያስቀራት የራሱ ድምፅ እንደሆነ አድርጎ በሆዱ ያዘው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ፊት አይናገርም፤ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ።

መድኃኒተኛው አባት የለውም። እናቱ መጋረጃ ነጋዴ ስለሆኑ አገሩ ሁሉ እትዬ መጋረጃ ይላቸዋል። ገና እሺም እንቢም አላሉም፤ «መጀመሪያ ሰዎቹን ልያቸው» ብለው ለምሳ ጠሩ።

ሚስቱ መንገድ ላይ ክራባቱን እያስተካከለች «አደራህን፣ አፍህን ለምግብ ብቻ ክፈት» አለችው።

ቤቱ ውስጥ መጋረጃ ያልተንጠለጠለበት ቦታ አልነበረም። መስኮት በሌለበት ግድግዳ ላይ ሳይቀር አለ። እትዬ መጋረጃ ፀጉራቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ንግግራቸው የተለካ ነው። ስለ ዝናብ ተወራ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ተወራ፣ ጉሮሮ ራሱን ሲነቀንቅ ውሎ አንገቱ ሊቀጭ ደረሰ። በኋላ ሴትየዋ ወደ እሱ ዞሩ።

«መካኒክ ነዎት አሉኝ።»

ነቀነቀ።

«ባለቤቴ ትተውልኝ የሄዱት አንድ መኪና አለ።»

ያን መኪና የማያውቅ አልነበረም። ሟቹ ስልሳ ሲሞላቸው ልባቸውን ይሁን አእምሯቸውን አንዱን ስተው ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት መኪና ገዙ። ገዝተው ደግሞ እንደ ቀብር አጀብ ይነዷት ነበር። ብስክሌት ይቀድማቸዋል። መኪና ሲያይ ተነሥቶ የሚጮኸው የአናጢው ውሻ እንኳ እሳቸው አልፈው እስኪያበቁ ሰልችቶት ይተኛል። እትዬ መጋረጃም ጎናቸው ቦርሳቸውን ታቅፈው ዓመታቱን ሁሉ ተቀምጠዋል።

«ድምፁ አስቸገረኝ» አሉ ሴትየዋ። «እባክዎ ድምፁን ያውጡልኝ።»

ጉሮሮ «ድምፁ አስቸገረኝ» የሚለውን አልሰማም። የሰማው «ያውጡልኝ» የሚለውን ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ጨዋ ሴት፣ ያውም የልጁ አማት የሚሆኑ፣ ከመኪና ነገር ሁሉ መርጠው ድምፅ! ነገሩ ልቡን አሞቀውና የሚስቱን አደራ ረሳ።

«አወጣዋለሁ!» አለ። ብርጭቆዎቹ ቅጭል አሉ። ማንም አልሣቀም። መድኃኒተኛው «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» አለው ከልቡ። ጉሮሮ ያን ቀን እየዘለለ ነበር ወደ ቤቱ የሄደው፣ ያ ሁሉ አካል።

ሠራት እንግዲህ። እንደ እሷ የሠራው መኪና የለም። ሲከፍታት የነዳጅ መርገጫዋ ጎማ ተፍቆ እንደ ሳሙና ሙልጭ ብሏል፣ የኋላ ጎማዎቿም ተበልተዋል። «ሟቹ እግራቸው ከባድ ነበር ማለት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና» አለና አለፈው። አማቷን አወለቀ። ቱቦውን ቆርጦ ቢያሰፋው አልጣመውም፣ ሌላ ሣህን አስፈለገ፤ ሚስቱ ለእንግዳ ያስቀመጠችው ሰፊው ሣህን ሄደ። ሲጨርስ ሞተሩን አስነሥቶ መርገጫውን ጫን አለው። ከታች ባዶ በርሜል በድንጋይ ላይ እንደሚንከባለል ሆኖ ጀመረና ወደ ላይ ሲወጣ ወፍራም ሸራ ከዳር እስከ ዳር የሚቀደድ መሰለ። አናጢው መላጊያውን እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

«ማነው የሞተው?»

«ማነው የተነሣው በል እንጂ!» አለ ጉሮሮ፤ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር።

መኪናዋን በማለዳ እንቁላል እንደ ጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነድቶ ደጃቸው አቆመላቸው፣ ቁልፉን ሰጠ፣ ምርቃት ተቀብሎ ተመለሰ።

ብዙ ሳይቆይ ልጁ እያለቀሰች ደወለች። «አባዬ ምን አድርገህ ነው? እትዬ ተቆጥተዋል። ሁላችሁም ኑ እያሉ ነው፣ አሁኑኑ!»

እትዬ መጋረጃ ሳሎናቸው ውስጥ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ልጃቸው ጎናቸው ቆሟል፣ የጉሮሮ ልጅ በሩ አጠገብ ጥፍሯን ትበላለች።

«እኔ ለእርስዎ ምን አልኩዎት?» አሉ ሴትየዋ።

«ድምፁን ያውጡልኝ።»

«ታዲያ?»

«አወጣሁታ!»

«አውጣ ማለት እኮ አስወግድ ማለት ነው! እሾህ አውጣ ይባላል። የታመመ ጥርስ አውጣ ይባላል። ጥርስ የሚነቅል ሐኪም ጋ ሄደው አውጣልኝ ሲሉት ጨምሮ ይተክልልዎታል?»

«ሕፃንም እኮ ጥርስ አወጣ ይባላል» አለ ጉሮሮ፤ አለና ወዲያው ምነው ምላሴን በቆረጠው አለ።

መድኃኒተኛው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እናቱ ቀጠሉ። «ዳቦ ቤቱ ሰውዬ ዱቄቱን እንደለበሰ ወጥቶ አየኝ። ጎረቤቴ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብላ በሌሊት ልብስ ደጅ ቆመች። ይኸው ልጄ መድኃኒት ቤቱ ሆኖ ሰምቶኝ ‹እማዬ፣ አንቺ ነሽ ወይ?› ይለኛል! ምንድን ነው ያደረጋት?»

«ምንም አይደል እትዬ፣ ቀላል ነው። አማቷን አውጥቼ ስለጣልኳት ነው።»

ሚስቱ በክርኗ ጎኑን ወጋችው።

«ምን አሉ?»

«የመኪናዋን አማት!»

«መኪና ደግሞ አማት አላት?»

«አዎ፣ ትንሽ ሣጥን ናት… ሥራ የላትም… እንዲያው ጎን ቁጭ ብላ ሌላውን ዝም…» እያለ እያለ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ የመጨረሻውን ቃል የሰማው የለም። ልጁ ፊቷን በመጋረጃ ሸፈነች፤ መጋረጃ በዚያ ቤት አይታጣም።

እትዬ መጋረጃ ረዘም ያለ ትንፋሽ ስበው «የልጆቹን ነገር እንተወው ለጊዜው» አሉ። «እሺ ከማለቴ በፊት ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደምዛመድ ማወቅ አለብኝ። የሥራው ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው ይበሉኝ። አይደለም የሚሉ ከሆነም ያስረዱኝ።»

መድኃኒተኛው ድንገት ግንባሩን ቋጠረ። ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን የገረመውን ሳይጠይቅ የማያድር ልጅ ነው። «ቆይ ግን ጋሼ፣ እርስዎ ሲያመጧት እኮ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ድምፅ አልነበራትም። እማዬ ስትነዳት ብቻ ለምንድን ነው የምትጮኸው?»

ይህንንማ ጉሮሮ በእንቅልፉም ይመልሰዋል። መኪና በጉሮሮዋ የምታጓራው መርገጫው ሲጨፈለቅ ነው። ቀስ ብለው ከነዷት ትንፋሿም አይሰማ። ዳቦ ቤቱን ሰውዬ ከነዱቄቱ የሚያስወጣ ድምፅ እንድታወጣ መርገጫው ወለሉ ድረስ መውረድ አለበት። ይህን ሊል አፉን ከፈተ፤ ከፍቶም ዓይኑ ወደ ታች ወረደ። የእትዬ መጋረጃ ቀኝ ጫማ ምንጣፉን ተጭኗል። ጣቶቹ ወደ ታች፣ ተረከዙ ተተክሎ። ሴትየዋ ራሳቸው ማድረጋቸውን አያውቁም። ፊታቸውን ቢያይ ቁጣው የለም፤ ኪሱ ሊፈተሽ የቆመ ሰው ፊት ነው።

ያኔ ሁሉ ነገር ገባው። ሟቹን ብስክሌት ሲቀድማቸው ዘመኑን ሁሉ አይቶ የለ? ታዲያ ያንን መርገጫ ማነው እንደ ሳሙና የፋቀው? ጎማውን ማን በላው? ለካስ ሴትየዋ ድምፁን አውጡልኝ ያሉት ጉዳቸው እንዳይወጣ ነው!

እውነቱን ቢናገር ሥራው ነፃ ይወጣል። ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ሥራው ነው፤ አንዲት ጠማማ ብሎን የለበትም። ጉሮሮ ደግሞ በሥራው ላይ ጥፋት ከሚያምን ጥርሱ ቢረግፍ ይመርጣል፤ ከደንበኛ ጋር ተጣልቶ ቁልፍ ወርውሮ ያውቃል። እውነቱን ከተናገረ ግን እትዬ መጋረጃ በገዛ ሳሎናቸው፣ በገዛ ልጃቸው ፊት ይራቆታሉ። ያዋረዳቸውን ሰው ልጅ ደግሞ ምራቴ አይሏትም። በሩ አጠገብ ያለችውን ልጁን አየ። ያ የሣቀው ሰውዬ ትዝ አለው፣ ትከሻው። ምራቁን ዋጠ፤ ያን ሁሉ አንገት ተጉዞ ሲወርድ ሰው ሁሉ አየው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቱቦውን አጣምሜ ገጥሜዋለሁ። ሲረፍድ በፀሐይ ይላላና እየጮኸ ያስቸግራል። እኔ ሳመጣት ማለዳ ነበር፣ ብርድ ነበር። እትዬ ምንም አላደረጉ። እሳቸው እንዲያውም… ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፣ ከጎማው ያስታውቃል።»

ሚስቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ሃያ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ለሣህኖቹ እንኳ ብሎ አያውቅም።

እትዬ መጋረጃ ጫማቸውን ከምንጣፉ አነሡ። «እንግዲህ ሰው ይሳሳታል» አሉ ዝግ ብለው። «ራሴ ጋራዥ አመጣታለሁ።»

በማግስቱ መጡ። መኪናዋ ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ እየጮኸች ነው የመጣችው፤ ጎማ ለጣፊው ወንበሩን ይዞ ሸሸ። ከመኪናዋ ወርደው ዙሪያቸውን አይተው፣ አናጢው ሣጥን ከሚያሠራ ደንበኛ ጋር እንደተያዘ አረጋግጠው ወደ ጉሮሮ ጠጋ አሉ። አንቱታውም እዚያው ቀረ።

«አንተ፣ ለምን ዋሸህልኝ?»

«ምን ዋሸሁ እትዬ?»

«ተወኝ እስቲ! ከጎማው ያስታውቃል ትላለህ? ጎማው እንደ እንትን መላጣ ሆኖ!»

ጉሮሮ ጨርቁን በእጁ አፍተለተለ። «የሴት ወይዘሮን ገበና በጉባኤ አልዘረግፍም ብዬ ነው።»

ሴትየዋ የመኪናዋ መከለያ ላይ ደገፍ አሉ። «ባለቤቴ መልካም ሰው ነበሩ» አሉ። «መልካም ሰው፣ ግን ቀርፋፋ። ሲነዱ ቀርፋፋ፣ ሲበሉ ቀርፋፋ፣ ሲሞቱ እንኳ ክረምቱን በሙሉ ፈጁበት። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ጎናቸው ሆኜ በቀኝ እግሬ ወለሉን ስረግጥ ኖርኩ። የቀበርኳቸው ሰሞን ለቀስተኛው ሲበተን ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አወጣሁ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለውን ቀጥ ያለ መንገድ ታውቀዋለህ? እዚያ ወሰድኳት። አልቅሼ መሰለህ? ከነጥቁር ልብሴ እየሣቅኩ ነው የረገጥኳት። ያኔም ትንሽ ትንሽ ድምፅ ነበራት፤ ልጄ ከሰማ ቁልፉን ይነጥቀኛል ብዬ ነው ወዳንተ ያመጣኋት።»

«እንደ ነበረች እመልሳታለሁ። ከነበረችውም ዝም አሰኛታለሁ። አማቷን አልጣልኳትም፣ አግዳሚው ሥር ናት።»

እትዬ መጋረጃ ኮፈኑን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«አንተ ልጅ… ያወጣኸው ድምፅ ግን…» አሉ። «ለሰው አትንገር እንጂ፣ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚያድረው።»

ጉሮሮ እንደዚያ ያለ ነገር በሥራው ተነግሮት አያውቅም ነበር። ጨርቁን ጣለ። ኮፈኑን ከፍቶ ሴትየዋን በእጁ ጠራቸውና የእጅ አንጓ የምታክል ቱቦ አሳያቸው። ከሞተሩ ተነሥታ ግድግዳውን በስታ ወደ ውስጥ፣ ወደ ነጂው እግር ዘንድ ትገባለች። «ይህችን ፋብሪካው ራሱ የሠራት ነጂው ድምፅ እንዲሰማ ነው» አለ። «ሠርቶ ደግሞ ፈራና በስፖንጅ ወተፋት። አማቷን ወደ ቦታዋ እመልሳለሁ፣ የቆረጥኩትን ቱቦ በሌላ እተካለሁ። ለውጭው ሰው ጭጭ ትላለች። ስፖንጁን ግን አወጣዋለሁ።»

«አወጣዋለሁ ስትል? እንዳለፈው እንዳይሆን!»

«አስወግደዋለሁ እትዬ፣ አስወግደዋለሁ!»

እዚያው አግዳሚው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀምጠው ጠበቁት። እሱ ሲፈታ «ይህቺ ናት አማት?» ብለው ሣጥኗን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት፤ «ጥሩ ሥራ ነው ያላት» አሉ። አናጢው ሻይ ላከላቸውና ቁመታቸውን በዓይኑ ሲለካ አይተው ገና ነኝ አሉት።

ሲያልቅ ጉሮሮን ጎናቸው አስገቡት። ጎንበስ ቢል እንኳ አንገቱ ጣሪያውን ነካ። ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ሰውዬው ቀና ብሎም አላየ። መድኃኒት ቤቱን አለፉ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ ሲደርሱ እትዬ መጋረጃ የቦርሳቸውን ማንገቻ አንገታቸው ላይ አጠለቁና ረገጡ። ወንበር ላይ ያንቀላፋ የመጋዘን ዘበኛ አልነቃም። መኪናዋ ውስጥ ግን በርሜሉ ተንከባለለ፣ ሸራው ተቀደደ፣ የጉሮሮ ደረት እንደ ከበሮ መታ። መጋዘኖቹ ወደ ኋላ ሮጡ። ከፊት መታጠፊያው ብቅ አለ።

«እትዬ! ፍሬን! መታጠፊያው ደረሰ እኮ!»

«ልጆቹ ይጋቡ ወይስ አይጋቡ?»

«ይጋቡ! ይጋቡ እንጂ!»

«እንግዲያው ዝም በል፤ ልስማበት።»